ጠዋት ጠዋት የሚታመመው ሰርቨር

ግንቦት 25 ቀን 2006፣ ሰኞ

ሰርቨሩ ዛሬም ደረቀ። በዚህ ወር ሦስተኛው ነው። ሬጅስትራሯ ወይዘሮ ሸጊቱ የተመራቂዎችን ውጤት እያስገቡ ሳለ ስክሪኑ ባለበት ቀረ፤ የአርባ ሁለት ተማሪ ውጤት እንደገና ሊገባ ነው። ወይዘሮ ሸጊቱ አልተቆጡኝም። መነጽራቸውን አወለቁ፤ እሱ ይብሳል።

ዲናችን አቶ ሀብተ ሚካኤል ቢሯቸው አስጠርተውኝ ምረቃው ሰኔ 28 ቅዳሜ እንደሆነ፣ መጥሪያው እንደታተመ፣ ድንኳኑም እንደተያዘ ነገሩኝ። ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ ነው፣ ሥሩን ፈልገህ አምጣ አሉኝ። የዚህ የደባርቅ ኮሌጅ የአይሲቲ ክፍል ኃላፊ እኔ ነኝ። የክፍሉ ሠራተኛም እኔ ነኝ። ስለዚህ ኃላፊው ሠራተኛውን ጠርቶ ተቆጣው፤ ሠራተኛውም ሰማ።

ግንቦት 27፣ ረቡዕ

ጎንደር አብሮኝ የተማረው ሙሌ በስልክ አንድ ሰዓት ሙሉ አስተማረኝ። ሰርቨሩ ሲነሣ መጀመሪያ ብቅ የምትል ዝርዝር አለች፤ ቡት ሜኑ የምንላት። ሦስት ሴኮንድ ታይታ ታልፋለች፤ ልብ የሚላት የለም። እዚያች ዝርዝር ላይ የሚሞሪ መመርመሪያ ይጨመራል። ሰርቨሩ በዚያ በኩል ሲነሣ ሌላውን ሥራ ሁሉ ትቶ የራሱን ሚሞሪ ከዳር እስከ ዳር ይፈትሻል፤ ብልሽት ካገኘ በቀይ ይጽፋል። ሙሌ እንዳለው ሐኪሙን በሽተኛው ቤት ማሳደር ነው።

ሦስት ጊዜ ተሳስቼ በአራተኛው ገባልኝ። ሁለተኛ መስመር ሆኖ ሲመጣ ሳየው፣ እውነቱን ልናገር፣ ብቻዬን አጨበጨብኩ። ልክፈተውና መልኩን ልየው ስል ወይዘሮ ሸጊቱ ከላይኛው ቢሮ ኔትወርክ የለም ብለው ተጣሩ። ሳልከፍተው ወደ ሥራው መለስኩት።

ግንቦት 29፣ ዓርብ

ምርመራው ሦስት ሰዓት ያህል ይፈጃል። በዚህ የምረቃ ሰሞን ቀን ላይ አይታሰብም። ስለዚህ በሥራ ቀን በየሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ራሱን አጥፍቶ በምርመራው በኩል እንዲነሣ ትእዛዝ ጻፍኩለት። ደቂቃ፦ 0። ሰዓት፦ 8። ቀን፦ ከሰኞ እስከ ዓርብ። አጭር ናት፤ አምራለች።

ቀሪው የመሪጌታ ሥራ ነው። መሪጌታ ወልደ ሩፋኤል የሌሊት ጥበቃችን ናቸው። የደረስጌ ሰው ናቸው፤ ድጓ ያስተማሩ፣ የበዓላትንና የአጽዋማትን ቀን በባሕረ ሐሳብ አስልተው የሚያወጡ። ሌሊት ሌሊት ሰርቨር ክፍል ነው የሚቀመጡት፤ ከግቢው ሁሉ ሞቅ የሚለው እሱ ነው። እንዲህ አልኳቸው፦ በስምንት ሰዓት ስክሪኑ ይለወጣል፣ አይደንግጡ። ቀይ ጽሑፍ ካዩ ይንገሩኝ። አሥራ አንድ ተኩል ሲሆን በግራ በኩል ጥግ ያለችውን ቁልፍ ይጫኑ፤ በራሱ ወደ ሥራው ይመለሳል። ሁለቴ አስደገሙኝና ገባኝ አሉ።

ሰኔ 2፣ ሰኞ

ችኮላ ላይ ነኝ። ጠዋት ልክ ሁለት ሰዓት ላይ ሰርቨሩ ጠፋ። እኔ ገና መንገድ ላይ ነበርኩ፤ ጭቃው አያስኬድም። ወይዘሮ ሸጊቱ ቁልፍ ስላላቸው ገብተው፣ አጥፍተው፣ እንደ ሬዲዮ አበሩት። ተመለሰ። ሁለት ተኩል ላይ ስደርስ ሁሉም ሰላም ነበር። ስክሪኑ ምን ይል ነበር ብላቸው “ሰማያዊ” አሉኝ። ሰማያዊ መጥፎ ነው። ኮምፒውተር ሲሞት ሰማያዊ ይለብሳል ተብለን ነው የተማርነው።

መሪጌታ ደግሞ ሌሊቱን ምንም አላየሁም አሉ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ እስኪነጋ ያው። ቁልፏን ተጫንኩ፣ ምንም የለ አሉ። እንቅልፍ ጥሏቸው ይሆናል። አዛውንት ናቸው፤ አልፈርድባቸውም።

ሰኔ 3፣ ማክሰኞ

ሁለት ሰዓት። ጠፋ። ሰማያዊ። አበሩት። እኔ ሁለት ከሃያ አምስት ደረስኩ። ነገ በጊዜ።

ሰኔ 4፣ ረቡዕ

ሁለት ሰዓት። ያው። ለፓርኩ ቱሪስቶች ዕቃ የጫኑ በቅሎዎች መንገድ ዘግተውብኝ ነው። ነገ በእርግጥ በጊዜ።

ሰኔ 6፣ ዓርብ

ማታ ነው፤ ተረጋግቼ ልጻፍ። ሰርቨሩ ድሮ ሲፈልገው ነበር የሚደርቀው። አሁን ግን በየቀኑ፣ ያውም በሰዓት ሆነ። ከጨመርኩት ምርመራ በኋላ መሆኑ ገርሞኛል። በሽታው እንደታወቀበት ገብቶት የባሰበት ይመስላል።

ተጠርጣሪዎቼን አንድ በአንድ ይዣለሁ። ወፍጮ ቤቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሞተር አስነሥቶ መብራቱን ይጎትተዋል ብዬ ባለቤቱን ላነጋግር ሄድኩ። ሰውዬው ሦስት ሰዓት ሳይሆን ሥራ ጀምሬ አላውቅም አለኝ፤ እንደ መንግሥት ሠራተኛ። አይጥ ይሆናል ብዬ ወጥመድ አስቀመጥኩ፤ የወይዘሮ ሸጊቱን ጫማ ያዘ። ጭጋጉ በመስኮት እየገባ ያረጥበዋል ብዬ ጋቢዬን አለበስኩት፤ ሊቃጠል ሲል ገፈፍኩት። ኃይል ያጠራቅማል የተባለ ዩፒኤስ አለን፣ የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም እንዲሉ ነው፤ መብራት ሲሄድ እሱ ቀድሞ ይሄዳል።

መሪጌታንም በዘዴ ጠየቅኋቸው። ሌሊቱ ረጅም ነው፣ ብርዱም አለ፣ ሰው ሸለብ ቢያደርገው አያስነውርም አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና “ያርጋል፣ እኔ ማሕሌት ቁሜ የማድር ሰው ነኝ” አሉ። አፈርኩ። ግን ደግሞ ማሽን አይዋሽም።

ሰኔ 9፣ ሰኞ

አዲስ ፍንጭ አገኘሁ። ስንዱ።

ስንዱ ከጎኔ ያለው ጠረጴዛ ላይ ነው የምትሠራው። በኮንትራት የተቀጠረች የመረጃ ጸሐፊ ናት፤ ደብዳቤም እሷ ናት የምታከፋፍለው። የዛሪማ ልጅ ስለሆነች የደባርቅን ብርድ ሦስት ዓመት ሙሉ አልለመደችውም። ጠዋት እንደገባች መጀመሪያ የምታደርገው የውሃ ማፍያዋን መሰካት ነው። ለሻይ ነው፤ ጦስኝ ጣል ታደርግበታለች፤ ለእኔም ታተርፍልኛለች። ወይዘሮ ሸጊቱ ዛሬ እንደነገሩኝ እሷ የምትሰካውና ሰርቨሩ የሚጠፋው እኩል ነው። እኔ አርፍጄ ስለምደርስ ይህን አላየሁም ነበር።

ስንዱን አልጠረጠርኩም። የጠረጠርኩት ማፍያውን ነው።

ሰኔ 11፣ ረቡዕ

ግምገማ ነበር። አቶ ሀብተ ሚካኤል በሁሉም ፊት የሰርቨሩ ችግር ምክንያቱ ምንድን ነው ብለው ወደ እኔ ዞሩ። አላውቅም ማለት ይቻላል። አጭር ቃል ናት። ሰው ሁሉ ሲያየኝ ግን ምላሴ ላይ ልትመጣልኝ አልቻለችም። ማፍያው ሊሆን ይችላል አልኩ። ሌላስ ሲሉኝ ከውጭ የሚመጣ ፍላሽም ሊሆን ይችላል አልኩ። ሊሆን ይችላል ነው ያልኩት፤ ይህ ይሰመርበት። ቃለ ጉባኤው ሲነበብ ግን ሊሆን ይችላል የሚለው የለም።

ስንዱ ግለ ሂስ አድርጊ ተባለች። ተነሥታ በእኔ ማፍያ ምክንያት ከሆነ ይቅርታ አለች። ወደ እኔ አላየችም። ማፍያው ተወረሰ።

ሰኔ 12፣ ሐሙስ

መብራት ከሌሊት ጀምሮ እስከ ጠዋቱ አራት ሰዓት አልነበረም። አራት ሰዓት ላይ ሲመጣ ሰርቨሩ ተነሣና እስከ ማታ ሳይነቃነቅ ዋለ። አንዴም አልጠፋም። አቶ ሀብተ ሚካኤል ራሳቸው ማፍያውን አንጠልጥለው ቢሮ ለቢሮ እየዞሩ ሌባው ይኸውላችሁ ሲሉ ዋሉ። ውሃ ማፍላት በጥብቅ የተከለከለ ነው የሚል ማስታወቂያ ተለጠፈ፤ ማኅተም አለበት።

እኔም ደስ ብሎኝ ነበር። ሻይ ግን የለም።

ሰኔ 13፣ ዓርብ

ሁለት ሰዓት። ጠፋ። ማፍያው የዲኑ ቁም ሣጥን ውስጥ ተቆልፎበታል።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ሁለተኛ ማፍያ አላት ብለው ደመደሙ። ቢሯችን ተፈተሸ። የተገኘው አንድ ጥንድ ካልሲና የደረቀ ዳቦ ነው። ሁለቱም የኔ ናቸው።

ሰኔ 16፣ ሰኞ

የስንዱ ኮንትራት ሰኔ 30 ሲያበቃ አይታደስም። ደብዳቤው “በንብረት ላይ በተደጋጋሚ ጉዳት በማድረስ” ይላል። ግልባጭ ለአይሲቲ ክፍል። የደብዳቤ አከፋፋይ እሷ ስለሆነች የራሷን ስንብት ግልባጭ ራሷ አመጣችልኝ።

“አቶ ያርጋል፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ” አለች።

ሦስት ዓመት አንተ ስትለኝ የኖረች ልጅ ናት። እስክሪብቶዬ አልጽፍ አለኝ። የሷን አዋሰችኝ፤ ፈረምኩ። እናቷን ከዛሪማ አምጥታ እዚህ ሆስፒታል እያመላለሰች የምታሳክመው እሷ ናት። ሥራ ከሌለ ደባርቅ የሚያስቀምጣት ነገር የለም።

ደብዳቤውን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም። ይህን ለራሴ አራት ጊዜ ያህል ነግሬዋለሁ።

ሰኔ 19፣ ሐሙስ

ዛሬ የሆነውን በሥርዓት ልጻፍ።

መሪጌታ ሥራቸውን የሚጨርሱት ንጋት ላይ አሥራ ሁለት ሰዓት ነው። እኔ እንደ ልማዴ ሁለት ተኩል ላይ ስደርስ ሰርቨር ክፍሉ በር ላይ ቆመው ነበር። ወይዘሮ ሸጊቱ ቁልፍ ይዘው ሊገቡ ቢሉ አላስገባቸውም ብለዋል፤ ሴትዮዋ ደረጃው ላይ ተቀምጠው ያጉረመርማሉ። መሪጌታ “ና እይ” ብለው እጄን ይዘው አስገቡኝ።

ስክሪኑ ሰማያዊ ነው። ቁጥር ይሮጥበታል፤ ጥግ ላይ ስንት ከመቶ እንደደረሰ ይቆጥራል። ሞት አይደለም። እኔ የጨመርኩት ምርመራ ነው። መልኩን ያየሁት ዛሬ ገና ነው።

መሪጌታ በርጩማቸው ላይ ተቀምጠው ቀስ ብለው ነገሩኝ። “ስምንት ሰዓት ነው ያልኸኝ። ስምንት ሰዓት ላይ ዓይኔን ተክዬ አደርሁ፤ ምንም የለ። እንቅልፋም ካልኸኝ ወዲያ ግን ነገሩን ሳልጨርሰው አልሄድም ብዬ ዛሬ ከሥራ ሰዓቴ አልፌ ተቀመጥሁ። ሊጠፋ ሲል እታች ጥግ ያለችውን ሰዓት አየሁ፤ ስምንት ትላለች። የእጄ ሰዓት ሁለት ነው። ልጄ፣ ይህ ዕቃ ሰዓቱን የሚቈጥር ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ነው። እኛ ከንጋት ነው የምንቈጥር። በማን ሰዓት ነበር ያዘዝኸው?”

የኛ ከሌሊቱ ስምንት ለሱ ሁለት ነው። እኔ ስምንት ብዬ የጻፍኩለት ለሱ የሥራ መግቢያ ሰዓት ነው። በየጠዋቱ ልክ በደቂቃዋ ትእዛዜን ሲፈጽም ነበር። ከቢሯችን በሰዓቱ ሥራ የሚገቡት ስንዱና ሰርቨሩ ብቻ ናቸው፤ እኔ ሁለቱንም ከሰስኩ። መብራት የጠፋ ቀን ሰላም የዋለውም ሁለት ሰዓት ላይ ተኝቶ ስለነበረ ነው። በዩኒቨርሲቲ አራት ዓመት የቆየሁበትን ትምህርት ባሕረ ሐሳብ የተማሩ ሰው በርጩማ ላይ ተቀምጠው አረሙልኝ።

ስላልኳቸው ነገር ይቅርታ ጠየቅኋቸው። እሱን ትቼልሃለሁ አሉኝ። ለዲኑ እርስዎ ይነግሯቸዋል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

“እኔ አልናገርም። አንተ ትናገራለህ።”

ጋቢያቸውን አጣፍተው ወጡ። 8ን አጥፍቼ 2 ጻፍኩ። ሥራው እሱ ብቻ ነበር። አቶ ሀብተ ሚካኤል ዛሬ እንግዳ አለባቸው። ነገ እነግራቸዋለሁ።

ሰኔ 20፣ ዓርብ

ሰርቨሩ ሲሠራ ዋለ። ጭጋግ።

ሰኔ 21፣ ቅዳሜ

ዳባት ሄጄ ጤናዬ የምትባለውን እህቴን ጠየቅኋት። የሚያስቸኩል ጉዳይ አልነበረኝም።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ትናንት ሰርቨሩ እንዳልጠፋ ሲያዩ ደብዳቤው ሠራ፣ ልጅቷ ፈራች አሉ። ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ሰኞ ግምገማ ላይ ምስጋና እንደሚያሰሙልኝ ነገሩኝ። ያን ጊዜ ልናገር አፌን ከፍቼ ነበር። ስልካቸው ጠራ። ረጅም ስልክ ነበር። እኔም ሥራ ነበረኝ፤ መሪጌታ ሌሊቱን ያዩትን ቀይ ጽሑፍ በወረቀት ገልብጠው ሰጥተውኝ ነበር፤ ቁጥሩን ቁጥር፣ ነጥቡን ነጥብ አድርገው፣ እንደ ብራና ጽሑፍ አሳምረው። ከአራቱ ሚሞሪ አንዱ የተበላሸ ነው። ነቀልኩት። የግንቦቱ በሽታ እሱ ነበር።

ለጤናዬ ታሪኩን የአንድ ጓደኛዬ ነው ብዬ አወራኋት። ስጨርስ “ያ ጓደኛህ ዛሬ እዚህ ያድራል ወይስ ይመለሳል?” አለችኝ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል፣ ግን አታሳድረው ብላ በመጨረሻው ሚኒባስ አሳፈረችኝ።

ሰኔ 22፣ እሑድ

የነገውን ንግግር ስጽፍ ዋልኩ። የመጀመሪያው ገጽ ተኩል ነው፤ “በሰዓት አቆጣጠር ሥርዓቶች መካከል የተፈጠረ ቴክኒካዊ አለመጣጣም” ይላል። ሳነበው ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ለእኔም አልገባኝ አለ። ሁለተኛው ግማሽ ገጽ ነው፤ ስለ መብራት ኃይል ብዙ ያወራል። ሦስተኛው እኔ ነኝ ይላል። ያማረው የመጀመሪያው ነው። ሦስተኛውን ኪሴ ከተትኩ።

ሰኔ 23፣ ሰኞ

ምስጋናው ሲጀመር እጄን አነሣሁ። ስንዱ ሰኔ 30 ብትሄድም እስከዚያው ሠራተኛ ናትና ከበሩ ሥር ተቀምጣ ነበር። ማፍያው አይደለም፣ ፍላሹም አይደለም፣ ሰዓቱን ያሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩ። በአንድ ትንፋሽ ወጣልኝ።

አቶ ሀብተ ሚካኤል ይህ አዲስ አጀንዳ ነው አሉ። ቃለ ጉባኤው ተፈርሟል፣ ደብዳቤው ወጥቷል፣ የመፍትሔው ሪፖርትም ለቦርዱ ተልኳል አሉ። ማፍያውን ማስወገድ በወሩ ሪፖርት ላይ በስኬት ገብቷል። ጥቂት አሰቡና “በስምንት ተነሣ ተብሎ ታዞ በሁለት ከተነሣ ጥፋቱ የዕቃው ነው እንጂ የሰው አይደለም” አሉኝ። ሊያድኑኝ ነው የፈለጉት። ልድን እችል ነበር።

ጥፋቱ የሰው ነው አልኩ። ካላመኑኝ ዛሬ ማታ 8 ብዬ መልሼ እጽፍለታለሁ፣ ነገ ጠዋት ሁላችሁም ኑና በዓይናችሁ እዩ። እሺ ተባለ።

ሰኔ 24፣ ማክሰኞ

ለሁለት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ደረስኩ። ወይዘሮ ሸጊቱ ሲያዩኝ ምን ሆነሃል አሉኝ፤ ያመመኝ መስሏቸው። ሰርቨር ክፍሉ ሞላ። አቶ ሀብተ ሚካኤል ማፍያውን ማንም እንዳይሰካው ደረታቸው ላይ አቅፈው ቆሙ። መሪጌታ ወደ ቤታቸው አልሄዱም፤ የእጅ ሰዓታቸውን እያዩ ከኋላ ቆመዋል። ሁለት ሰዓት ሲሆን ስክሪኑ ጥቁር ሆነ፣ ቀጥሎም ሰማያዊ።

ወይዘሮ ሸጊቱ ይኸው የኔ ሰማያዊ አሉ። ቀጥለውም ማንም ያላነሣውን አነሡት፤ አንድ ቀን፣ አንድ ቀን ብቻ በሰዓትህ ብትመጣ ኖሮ ይህን ሁሉ በመጀመሪያው ሰኞ ታየው ነበር አሉኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። እውነት ስለሆነ ይመስለኛል።

ከሰዓት በኋላ የስንዱ ደብዳቤ ተሻረ። ኮንትራቷ ለዓመት ይታደሳል፣ ማፍያውም ተመለሰላት። ማስታወቂያው ግን ማኅተም ስላለበት አይነሣም ተባለ፤ በላዩ ላይ “ከስንዱ በስተቀር” ተብሎ በእጅ ተጻፈበት። ለእኔ ተደጋጋሚ ማርፈድ የሚል የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ወጣ። ይዛልኝ የመጣችው ስንዱ ናት። ፈረምኩ። ወረቀቱን አነሣች፣ ግን አልሄደችም።

“መሪጌታ መቼ ነው የነገሩህ?” አለችኝ። አንተ ስትለኝ ደስ አለኝ፤ ጥያቄው የገባኝ ቆይቶ ነው።

“ሐሙስ” አልኳት።

“ዓርብ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደፍቼ ሳለቅስ ነው የዋልኩት” አለች። “አንተ የመስኮቱ ብርሃን እንዳያስቸግርሽ ብለህ መጋረጃውን ዘጋህልኝ።”

አልጮኸችም። ወረቀቷን ይዛ ወጣች። ከበሩ ውጭ ለመሪጌታ ሰላምታ ስትሰጥ ሰማሁ።

ቤት ገብቼ ይህን ደብተር ወደ ኋላ ገለጥኩ። ሰኔ 20 ላይ ሰርቨሩ ሲሠራ ዋለ፣ ጭጋግ ይላል። ከሥሩ ሰፊ ቦታ አለ። እንዲህ ብዬ ጻፍኩበት፦ ስንዱ ስታለቅስ ዋለች። አይቻታለሁ።